ገብስማውን የወሰድኩ ቀን

የእህቴን አውራ ዶሮ የሰረቅኩት በቅናት ነው። ሌላ ምክንያት ብፈላልግ አጣሁለት። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ወንበር የሚለቅልኝ ሰው አለ። እኔው ነኝ እንግዲህ በአንድ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላዬን አውራ ዶሮ ላይ ጥዬ፣ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ከትቼ፣ ከአሌክሳንድሪያ በታች ካለው እርሻ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዤው የነዳሁት።

እናቴን ወደዚህ የፈረንጅ አገር ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሰው እንዳይረሳብኝ ነው። ፎርሙን የሞላሁ እኔ፣ ጠበቃው ጋ የተመላለስኩ እኔ፣ «ጉዳይዋ የት ደረሰ?» ለማለት ስልክ ይዤ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ የሰማሁ እኔ። ታናሽ እህቴ የዋለችልን ውለታ ቢኖር ኤርፖርት ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ፊኛ ይዛ መምጣቷ ነው። እናቴ ግን ያን ፊኛ እስካሁን ታነሳዋለች።

ልጄ ኮሌጅ ሲገባ ክፍሉን ቀለም ቀብቼ ለእናቴ ሰጠኋት። አልጋው አዲስ፣ መጋረጃው አዲስ፣ ቴሌቪዥኑ ትልቅ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ምሳዋን ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ማይክሮዌቩን ለሁለት ደቂቃ እንዴት እንደምትጫነው አሳይቻታለሁ። ኦቨርታይም ሲኖር ራቷንም እሠራለሁ። ኦቨርታይም ደግሞ ሁልጊዜ ነበር። ስመለስ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የመኪና ማቆሚያውን ስታይ አገኛታለሁ። «ቤትሽ ያምራል» ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለችኝ፤ እኔም ምስጋና መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እህቴና ባሏ ያን ጊዜ አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ባሏ አርሊንግተን ቢሮ ይሠራል። ከኮምፒውተር ጋር ሲፋጠጥ ኖሮ አንድ ቀን «ገበሬ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ ተነሳ። ሳቅኩበት። እነሱ ግን ከከተማው አርባ ደቂቃ ወደ ደቡብ ወርደው አምስት ኤከር መሬትና አሮጌ ቤት ገዙ፣ ሰላሳ ሴት ዶሮና አንድ አውራ አስገቡ። አውራው ገብስማ ነበር፤ ነጭና ግራጫው የተዘበራረቀ፣ ደረቱ ሰፊ፣ አካሄዱ የድሮ ቀበሌ ሊቀመንበር።

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው እህቴ ደወለች።

«እማዬን ለዊኬንድ ብቻ ልውሰዳት፤ አውራው ሰው መማታት ጀምሯልና ጠባዩን ታይልኝ» አለችኝ።

እናቴ አዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ታረባ ነበር። ደብተራችንን የገዛችልን በእንቁላል ነው። ስለ ዶሮ የማታውቀው ነገር ስለሌለ እሺ አልኩ። ለዊኬንድ የሄደችው እናቴ ለሁዳዴም እዚያው ሆነች፤ ለፋሲካም፣ ለክረምቱም።

እኔ በየቅዳሜው እየሄድኩ መጠየቅ ጀመርኩ። እናቴን፣ የገዛ እናቴን፣ እንግዳ ሆኜ! የመጀመሪያው ቀን ከመኪናዬ ስወርድ ገብስማው አየኝ። አንድ ክንፉን ጣል አደረገና መሬቱን እየጠረገበት በጎን በጎኑ እየደነሰ መጣ። አቀባበል መስሎኝ ሳቅኩ። ወዲያው ዘሎ ጉልበቴ ላይ ተሰቀለ። በቦርሳዬ መታሁት፣ በጫማዬ መታሁት፤ በመታሁት ቁጥር ይብስበታል። ስሸሽ ደግሞ ከኋላ ይከተለኛል።

እናቴ ከዶሮ ቤቱ ወጥታ በቀስታ መሐላችን ገባች። አልመታችውም። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ቆመች፤ እንደገና ተራመደች፣ ቆመች። ገብስማው ትንሽ አያትና አንገቱን ደፍቶ መሬት መልቀም ጀመረ።

«ምን አግኝቶ ነው የሚበላው?» አልኳት ጉልበቴን ይዤ።

«ምንም አላገኘም። አፉን እዪው፣ ባዶ ነው። ሲሸነፍ ጥሬ ያገኘ መስሎ ይለቅማል፤ እንዳያፍር ብሎ ነው።»

«ለምንድን ነው እኔን ብቻ የሚመታው?»

«ክንፉን ጥሎ በጎን ሲመጣብሽ ልክሽን እየጠየቀሽ ነው። ስትመቺው ‹ይቺ ሌላ አውራ ናት› ይላል። ስትሸሺ ‹አሸነፍኳት› ይላል። አንቺ ሁለቱንም አደረግሽለት።»

እህቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እናቴ ገብስማውን አንስታ ብብቷ ስር ወሸቀችውና ወደ ቤቱ ይዛው ሄደች። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። እኔ እናቴ ብብት ስር የገባሁበትን የመጨረሻ ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። በስመ አብ፣ በዶሮ ቀናሁ።

በዚያ ሁዳዴ ደግሞ እኛ ብቻ የምንሠራው ስህተት ተሠራ። ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል አይበላም። ዶሮዎቹ ግን ጾሙን አያውቁትም፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል በቀን ሃያም ሃያ አምስትም ይጥላሉ። ደንበኞቻቸው በሙሉ ያገራችን ሰዎች ነበሩ፤ ከዊተንም ከግሪንቤልትም ይመጡ የነበሩት ሁሉ «ከፋሲካ በኋላ» አሉ። ለፈረንጅ ጎረቤት የሚሰጠው ተሰጥቶም ፍሪጁ ሞላ፣ ጓዳው ሞላ። የእግዜርን በረከት መጣል ነውር ነው። እናቴ መታቀፍ የፈለገችውን ዶሮ ሁሉ አስታቀፈች፤ እህቴ ደግሞ ይህ አልበቃ ብሏት የመፈልፈያ ማሽን አዘዘች። በፋሲካ ማግስት ግቢው ጫጩት በጫጩት ሆነ። ክረምቱ ሲጋመስ ሲታዩ አሥራ አራቱ አውራ ሆነው ተገኙ። ከገብስማው ጋር አሥራ አምስት አውራ፣ በአንድ ግቢ።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ወንበሯን ግቢው መሐል አውጥታ ጠባያቸውን ታጠና ጀመር። ፓርኪንግ ስታይ የነበረችው ሴት አሁን ከወንበሯ እየተነሳች ትጣላለች፣ ትገላግላለች፣ ትፈርዳለች። «ያ ቀዩ ፈሪ ነው፤ ፈሪ ደግሞ ከኋላ ነው የሚመታ» ትለኛለች። «ጥቁሩ ሴቶቹን ያሳድዳል እንጂ አያበላቸውም፤ እሱ ለእንቁጣጣሽ ነው። አንገተ መላጣው ልጅ ነው፣ ይቆይና ይታያል።» ሁሉንም ልክ የሚያስገባቸው ገብስማው እንደሆነ የነገረችኝም እዚያ ወንበር ላይ ሆና ነው።

«ጠዋት እሱ ሳይጮህ አንዳቸውም አይጮሁም። ታላቅ ነዋ! እሱ ካለ በኋላ ነው በተራ በተራ።»

ይህን ስሰማ እህቴን በጎን አየኋት። ታላቅ ማን እንደሆነ ዶሮ እንኳ ያውቃል ማለቴ ነበር። የገባት አይመስለኝም፤ እንቁላል እየጠረገች ታንጎራጉር ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ፍርክስ በቆሎ በተነች። ገብስማው ሮጦ ደረሰ። አንድ ፍሬ አነሳ፣ ጣላት፤ እንደገና አነሳ፣ ጣላት፤ ቁክ ቁክ ቁክ ይላል። ሴቶቹ ግር ብለው መጡ። እሱ ከመሐላቸው ቀና ብሎ ቆመና አንድ ዓይኑን ወደ ሰማይ አዙሮ ጭልፊት ይጠብቅላቸው ጀመር። እነሱ ጠግበው እስኪበተኑ አልቀመሰም።

«ይሄ ነው አውራ» አለች እናቴ።

ያን ድምፅዋን አውቀዋለሁ። እኔ ማትሪክ ያለፍኩ ቀን ለጎረቤት ስትናገር ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እህቴ ሳቂታ ናት፣ ቀጠሮ ትረሳለች፣ ወጥ ታሳርራለች፣ ሁሉም ይወዳታል። እኔ የምረሳው ነገር የለም። የእናቴን የሐኪም ቀጠሮ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን፣ የዓይን መነፅሯን ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ። ይሄ ሁሉ በአንድ ዶሮ ቤት ይሸነፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስደውል ስልኳን አታነሳም፤ የእህቴ ባል ያነሳና «ዶሮ ቤት ናቸው፣ ኮል ያደርጉልሻል» ይለኛል። አያደርጉልኝም። አንድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እናትሽ ታናሽሽ ጋ ገቡ አሉ? ጎሽ፣ እዚያ ይሻላቸዋል» አለችኝ። ጎሽ! «እናቷን ያመጣች» እየተባልኩ በተመሰገንኩበት ግቢ ውስጥ። «ለጊዜው ነው» አልኳትና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ቅናት ሆድ ያቃጥላል ሲባል ለአባባል ይመስለኝ ነበር፤ እውነትም ያቃጥላል፣ እዚህ ከደረት በታች።

የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«እማዬ፣ መቼ ነው ቤትሽ የምትመለሺው?»

«ቤቴ?» አለችኝ፣ የት እንደሆነ እንደጠፋት ሁሉ። ከዚያ ሳቀች። «እኔን እኮ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ገብስማው ነው። እሱ ሲጠራኝ ነው የምነሳው። አንቺ ጋ ማን ይጠራኛል?»

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ያንን ቃል ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። እሺ፣ የሚጠራሽን እኔ ጋ ባመጣውስ? አልኩ በሆዴ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እህቴና ባሏ እንቁላል ሊያደርሱ ወጥተው ነበር። እናቴ ጉልበቷን ስላመማት ምሳ በልታ ጋደም አለች። ትንፋሿ እስኪረጋ አጠገቧ ተቀመጥኩና በዝግታ ወደ ግቢው ወጣሁ። ገብስማው እንደ ልማዱ ክንፉን ጣል አድርጎ በጎን መጣብኝ። አልሸሸሁም፣ አልመታሁትም። አንድ እርምጃ፣ ቆምኩ፤ አንድ እርምጃ፣ ቆምኩ። አንገቱን ደፍቶ ባዶ መሬት መልቀም ሲጀምር ነጠላዬን ጣልኩበት። ዓይኑ ሲሸፈን ዝም አለ። ስይዘው ልቡ በእጄ ላይ ይመታ ነበር፤ የኔም ከእሱ የባሰ ይመታል። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ትራፊክ ሲይዘን ቅርጫቱ ውስጥ ሆኖ ጉሮሮውን ከፍቶ ጮኸ። አጠገቤ የቆመው ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ፈገግ አልኩለት፤ ምን ላድርግ?

ቤቴ ታውን ሃውስ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ። ከኋላ አንድ መኪና የምታቆም የምታክል፣ በእንጨት የታጠረች ሣር አለችኝ። እዚያ ለቀቅኩት። ቅዳሜን ጥግ ይዞ አመሸ። እሁድ ጠዋት የጓሮው የመስታወት በር ውስጥ ራሱን አየ። ላባውን ነፋ፣ ክንፉን ጣለ፣ በጎን ደነሰ። መስታወቱ ውስጥ ያለውም ደነሰ። ዘሎ መታው፤ ያም ዘሎ መታው። ስደርስ በሩ ላይ ደም ነበር። «አንተ ሞኝ፣ ራስህ እኮ ነህ!» ብዬ ጮኼበት በሩን በአንሶላ ሸፈንኩት። ሰኞ ገና ሳይነጋ ሲጮህ ጎረቤቴ አሮጊት ፈረንጅ በትሕትና መጥታ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ማክሰኞ የሰፈሩ ማኅበር ኢሜይል ላከ፤ አውራ ዶሮ አይፈቀድም።

እነዚያን ሁለት ቀናት ሥራ አልሄድኩም፤ አሞኛል ብዬ ሲክ ኮል አደረግኩ። እናቴ ሁለት ዓመት ስትቀመጥ ለእሷ ብዬ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። ለዶሮ ቀረሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቆሎ በተንኩለት። ሮጦ ደረሰ። አንድ ፍሬ አነሳ፣ ጣላት፤ አነሳ፣ ጣላት። ቁክ ቁክ ቁክ። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ማንም አልመጣም። ደግሞ ጠራ። ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ ጠራ፣ ተመልሶ ጠራ። በቆሎው ከፊቱ ተበትኖ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ እኔን አየኝና ፍሬዋን እግሬ ስር አምጥቶ ጣለ። ቁክ ቁክ።

«እኔ አይደለሁም የምትጠራው» አልኩትና አለቀስኩ። ሲርበው ጊዜ ብቻውን በላ።

እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ያን ቀን በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

«እማዬ፣ ነይ። ገብስማሽ እኔ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በመስኮት አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሌባ ብዬ? ለእህትሽ ቀበሮ ወሰደው አልኳት። በስተርጅናዬ ዋሸሁልሽ።»

ከዚያ እዚያ የሆነውን ነገረችኝ። አውራው ከጠፋ ወዲህ አሥራ አራቱ ጎረምሶች ተራ የሚያስጠብቃቸው አጥተው ሲጋደሉ ነው የሚውሉት። አንገተ መላጣው አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ሴቶቹ ጀርባቸው ተልጦ ከቆጥ አንወርድም ብለዋል፣ መጣልም አቁመዋል። «እህትሽ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ አለቀሰች ሲሉኝ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ያፈርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለችኝ እናቴ። «ሐሙስ እመጣለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ጎመን በሥጋ ሠራሁ፣ የምትወደውን። መጋረጃዋን አጥቤ ሰቀልኩ። እህቴ ናት ይዛት የመጣችው። መንገድ ላይ እናቴ እውነቱን ነግራታለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ስድብ ጠብቄ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር እኮ» አለችኝ።

«እማዬንም?» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቅርጫቱን አነሳችና ገብስማውን ልትይዝ ወደ ጓሮ ወጣች።

እናቴን ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥኳት። ምግቡን አቀረብኩ። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ማለት የፈራሁትን፣ ስድስት ወር ደግሞ ያመመኝን አወጣሁት።

«እማዬ፣ እዚህ ትቀሪያለሽ? ሺፍቴን እቀይራለሁ። ዶሮም ባይሆን ሌላ ነገር እንፈልጋለን። እኔ ነኝ ያመጣሁሽ፣ እኔ ነኝ የጠራሁሽ።»

እናቴ እጇን ወጡ ላይ ሳታደርስ ቆየች።

«እውነትሽን ነው፣ አንቺ ነሽ የጠራሽኝ» አለችኝ። «አውራ ዶሮ ግን ጠርቶ አይሄድም፤ እስኪበሉለት ቆሞ ይጠብቃል። አንቺ ከባሕር ማዶ ጠርተሽኝ፣ ምግቡን ፍሪጅ ውስጥ ከትተሽ ሄድሽ። እኔ እዚያው እመለሳለሁ፣ ልጄ። እዚያ ብዘገይ የሚፈልገኝ አለ።»

የምመልሰው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። መድኃኒቱስ? ይሄ ቤትስ በምን ይቆም ነበር? እህቴ ፊኛ ስትገዛ ማን ነው ፎርም የሞላው? ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱንም አላልኩት። ራሴን ደፋሁና በጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ መልቀም ጀመርኩ። ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር።

እናቴ ጣቶቼን አየች። ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። ተነስታ አጠገቤ መጣች፣ እንጀራውን ቆርሳ ጠቀለለችና ወደ አፌ አቀረበችው።

«ብዪ» አለችኝ።

በላሁ። ደገመችኝ። ጓሮ ውስጥ ገብስማው ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ይጮሃል፤ እህቴ ስታባብለው ይሰማኛል። እናቴ የሚያማትን ጉልበቷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በቃኝ እስክል ድረስ ቆማ አበላችኝ። እሷ አልቀመሰችም።